የክሪብሩም ፍቺ

ጥር 3
የላቲን-አማርኛ መዝገበ ቃላት ቢሮ ከገባሁ ሦስት ሳምንት። ሁለት ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ የወረቀት ቁልል። ዛሬ የደረሰኝ ቃል "ክሪብሩም"። ላቲን። ወንፊት ማለት ነው፣ በቃ። አርታኢዋ ግን "በቃ" አይወዱም። "ከየት መጣ? ምን ይሠራል? ዕቃውን አይቶት ለማያውቅ ሰው ጻፊው" አሉኝ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀረው። ቋሚ መሆን አለብኝ... እሆናለሁም!

ጥር 5
አገኘሁት! ሥሩ "ኬርኔሬ" ከሚለው ግስ ጋር አንድ ነው። መንፋት፣ መለየት... አስተውሎ ማየትም፣ መወሰንም ከዚያው ወጡ። የወጥ ቤት ዕቃ የዳኛ ዘመድ! እንዲህ ጻፍኩ፦ "ጥሩውን አሳልፎ መጥፎውን የሚያስቀር ዕቃ።" አርታኢዋ አንብበው ፈረሙበት። ገጽ አቀናባሪያችን ወሬውን ሁሉ "አለቀ" ብሎ ስለሚዘጋ "አራት ነጥብ" እንለዋለን። "አንቺ ልጅ፣ ወንበርሽን አደላደልሽ፤ አለቀ" አለኝ።

ጥር 8
ለአጎቴ ምሳ ወሰድኩለት። ግንበኛ ነው፤ አሸዋ ሲነፋ ደረስኩ። ደቃቁ ከታች ተቆለለ፣ ጠጠሩ ወንፊቱ ላይ ቀረ።
"ይሄን የት ትጥለዋለህ?"
"የምን መጣል! ደቃቁ ለልስን፣ ጠጠሩ ለወለል። ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትማሪ ነበር አንቺ?"
ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔ ግን ወንፊቱን እንደገና አየሁት። ላቲኑ "መለየት" ብቻ ነው የሚለው። ጥሩና መጥፎውን ከየት አመጣሁት? ከራሴ።
ገጹ ነገ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ዝም ብልስ? ማን ያውቃል?
እኔ አውቃለሁ።

ጥር 9
በሩ ሳይከፈት ደረስኩ።
አራት ነጥብ፦ "ገጹ ተዘግቷል። በገዛ እጅሽ ጉድጓድ አትቆፍሪ፤ አለቀ።"
"አላለቀም። ክፈተው።"
አርታኢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ ፈርሜበታለሁ እኮ።"
"አዎ እትዬ። ሁለታችንም ተሳስተናል።"
ምነው ምላሴን በቆረጠው! እሳቸው ግን ብዕር አንስተው ፊርማቸውን ሰረዙ። "ደቃቁን ከሻካራው የሚለይ ዕቃ" ብዬ አስተካከልኩ። "የሙከራ ጊዜሽን ሁለት ወር አራዝሜዋለሁ። ሳታዪ ስለ ጻፍሽ" አሉ።

ጥር 13
ዛሬ ቋሚ መሆን ነበረብኝ። አልሆንኩም። እማዬ "አፍሽን ብትይዢ ምን ነበረበት?" ትላለች። ትበል።
የዛሬው ቃል "አኩስ"፣ መርፌ። መጻሕፍቱን ከመግለጤ በፊት ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄጄ ተቀመጥኩ።
"ምን ልታዘዝ፣ እህቴ?"
"ሥራዎን ይሥሩ ጋሼ፤ እያየሁ ነው።"
"በማየት አይሆንም። እንቺ፣ ያዢ።"
ሁለት ቁልፍ ተከልኩ። ሦስቴ ተወጋሁ። ፍቺውን ገና አልጻፍኩም።