ከድጃ ለዳጉ የሰጠችው ወሬ

እሑድ፣ ኅዳር 13

ሰንበቴ ገበያ ያወረድኳቸውን ፍየሎች ሳልሸጥ ወደ ከሚሴ መለስኳቸው። ከእኔ ገዝቶ ጅቡቲ የሚሸጠው አፋሩ ሁመድ፣ እንደ ወጋቸው ከዋጋ በፊት ዳጉ አስቀደመ፤ የሰማውን ወሬ ሁሉ ነገረኝ። የብራችን መውደቅ ድንበር ተሻግሮ፣ ከኛ ሾፌሮች ብር ይቀበሉ የነበሩ የጅቡቲ ሱቆች እየተዘጉ ነው። ይህን ነግሮኝ ሲያበቃ "ባለፈው ሳምንት ዋጋ ሽጪልኝ፣ ከድጃ" አይለኝም? ወላሂ ደሜ ፈላ።

"ተው አቦ፤ ብሩ ነው የወደቀ፣ ፍየሎቼ አልከሱም" አልኩት።

የዋጋውን ነገር ተወና "ያንቺስ ወሬ?" አለኝ። አፋር በዳጉ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚያገኘው ሰው ማድረስ አለበት።

"የከሚሴዋ ከድጃ በወደቀ ብር አልሸጥም ብላ ፍየሎቿን ነድታ ተመለሰች" አልኩት።

ያቺም ወሬ ድንበር ትሻገር።