ከሩጫው እበት መዛቅ ይሻለኛል

ቀጮ፣

ስትነሺ አታገኚኝም። ባህር ማዶ ያለችው እህቴ እርሻ ልገባ ነው፤ ሩጫ በቃኝ። «እበት ስትዝቂ ነው የምትውዪው» ብላኛለች። ይሁን፣ ከዚህ ቡድን እሱ ይሻለኛል።

ትናንት አሰልጣኛችን የአዲሷን ልጅ ያበጠ ጉልበት በመርፌ አደንዝዞ አስሮጣት። ገና የመጨረሻውን መስመር ስታልፍ ተዘረረች። «ቶሎ አንሷት፣ ፎቶ እንነሳ!» አለ። እኔ ጥዬው ወጣሁ፤ አንቺ ግን ደግፈሻት ቆምሽ፣ ጥርስሽን እያሳየሽ። ልጅቷ እኮ እያለቀሰች ነበር!

የኩሽናው ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ ጠበቅ አድርገሽ ዝጊው። ጫማዎቼን ለፈለገ ስጪ።

ሳልሰናበትሽ መሄዴ ደስ አይልም፣ አውቃለሁ። ፊትሽን ባይ ግን…
ተይው።

ልጅቷ ሆስፒታል ተኝታለች። አሰልጣኙ ዝር አላለም። አንቺ እንኳ ሂጂላት።