ማለፊያ ወደቦች

ጥር 14

የስምንተኛ ክፍል የጂኦግራፊ ፈተና አረምኩ። አንዷ ተማሪ «ወደብ ማለት መርከብ የሚያርፍበት አልጋ ነው» ብላ ጻፈች። ግማሽ ነጥብ ሰጠኋት። ቀሪውን ግማሽ የከለከልኳት በቅናት ይሆን? በሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም...

ከሰዓት እታለም መጣች። ታላቅ እህቴ፣ ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት ጡረታ ከወጣች ወሯ። ከጉዞ ወኪል ያመጣቻቸውን ሁለት ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። አብረን መርከብ እንሳፈራለን ስንል ስንት ዓመታችን! ዘንድሮ ቁርጥ ሆኗል። የቀረው የትኛው የሚለው ብቻ ነው።

አንዱ ትንሽ መርከብ፦ ዘጠኝ ማለፊያ ወደቦች። ሌላው ትልቅ መርከብ፦ ሦስት መውረጃ ወደቦች።

«ይሄኛው መዋኛ አለው» አለች፣ ጣቷን ትልቁ ላይ ተክላ።

«ዋና ትችያለሽ እንዴ?»

«ማን ሊዋኝ? አጠገቡ ልጋደም ነው እንጂ።»

ጥር 15

ጉዳዩን በጥልቀት መርምሬ ውሳኔ ላይ ደረስኩ። መርማሪውም ዳኛውም ይግባኝ ሰሚውም እኔ ስለሆንኩ ቶሎ አለቀ።

መርከብ ምንድን ነው? የሚንሳፈፍ ሆቴል። ለመተኛት ለመተኛት የኔ አልጋ ምን አጣ? ወደብ ግን... ሠላሳ አንድ ዓመት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ በመጠቆሚያ ስወጋ ኖርኩ። «ይህ ወደብ ነው፤ ይህም ወደብ ነው።» ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ እንኳ እግሬን ወደብ ላይ ሳላሳርፍ ብሞት... አሁን ሞትን ምን አመጣው? እግሬን ማሳረፍ እፈልጋለሁ። አለቀ።

ቋንቋውስ ቢሆን? ትንሹ መርከብ «ማለፊያ ወደቦች» ይላል። ሸጋ፣ ምርጥ፣ እንከን የማይወጣላቸው። ትልቁ «መውረጃ» ብቻ። አንዲት ቅጽል ጠፍታበት! በወደቡ የሚኮራ ሰው «መውረጃ» ብሎ ይጠራዋል? መውረጃ የታክሲ ነው።

ጥር 17

እታለም ቤት ምሳ። ምሳው ክርክር፣ ክርክሩ ምሳ ሆነ።

«አንቺ አትላስ፣ ስሚኝ» አለች። ካርታ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። «ሃያ ስምንት ዓመት ለአራት መቶ በሽተኛ ሾርባ አውጥቻለሁ። አሁን የምፈልገው ለኔ የሚያወጣልኝ ሰው ነው። ጨው ቢጎድለውም ዝም ብዬ እጠጣለሁ።»

«ዝም? አንቺ?»

«ለሰባት ቀን አያቅተኝም።»

«ሦስት ወደብ ብቻ እኮ ነው እታለም! ከዘጠኝ ሦስት ያመጣ ተማሪ ወድቋል።»

«እኔ የምሄደው ወንበር ላይ ልቀመጥ ነው፤ ፈተና ላይ ልቀመጥ አይደለም።»

ይህን ስትል እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ነበር። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። አየሁት... ግን ክርክር ላይ ስሆን ዓይኔ እንደ ጆሮዬ ነው፤ የሚፈልገውን ብቻ ይወስዳል።

ጥር 19

አሸነፍኩ!

«እሺ በቃ፣ አንቺ አንዴ ከወጣሽበት አትወርጂም» አለች። ወኪሉ ዘንድ ሄደን ለትንሹ መርከብ ፈረምን። ወኪሉን «ካፒቴን» ብለነዋል። ነጭ ሸሚዝ፣ ትከሻው ላይ ወርቃማ መስመር። መርከብ ላይ ወጥቶ ያውቅ እንደሆን ጠየቅኩት።

«ማዕበል አይስማማኝም እትዬ» አለ።

ሐሳብ ለመቀየር እስከ ጥር 24፣ 11 ሰዓት ጊዜ አለን። ከዚያ ወዲያ የለም። ማን ሊቀይር!

ጥር 20

ጫማ ገዛሁ። ዘጠኝ ወደብ የሚችል ሶል።

ጥር 24

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

እታለም 9 ሰዓት ላይ የጉዞውን ሰሌዳ ይዛ ከተፍ አለች። መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ።

«አትላስ፣ ይሄ ነገር አልገባኝም። የመጀመሪያው ወደብ መድረሻ 4፡10፣ መነሻ 4፡10። ሁለተኛው መድረሻ 9፡25፣ መነሻ 9፡25።»

«የኅትመት ስህተት ነው።»

«ዘጠኙም? እኔ ምሳ በ6፡30 አውጥቼ በ6፡30 ሳህን ሰብስቤ አላውቅም። በሽተኛው መቼ ሊበላ?»

ኮቴን በአንድ እጅጌ አንጠልጥዬ ወጣሁ። ካፒቴን ፈገግ ብሎ ተቀበለን።

«መርከቡ በየወደቡ ስንት ሰዓት ይቆማል?» አልኩት።

«አይቆምም እትዬ። ማለፊያ ወደብ ነው እኮ! በአጠገቡ ያልፋል። እናንተ ከላይ ሆናችሁ ታያላችሁ፣ ፎቶ ታነሳላችሁ...»

«ማለፊያ ማለት... ግሩም ማለት አይደለም?»

«እሱማ ግሩም ናቸው! ከሩቅም ያምራሉ።»

«መውረድ የፈለገ ሰውስ?»

«መውረጃው ነዋ!» አለ፣ በትልቁ መርከብ ወረቀት እያራገበ። «ከጠዋት እስከ ማታ በየወደቡ እንደ ልባችሁ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ማለፊያ ነጥብ ስሰጥና ስከለክል የኖርኩ ሴት ነኝ። በራሴ ቋንቋ ወደቅኩ። ያውም ከዘጠኝ ዜሮ።

እታለም አልሳቀችም። የባሰው እሱ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይታ «አሥር ተኩል ሆኗል» አለች። ወደ ትልቁ ቀየርን።

በር ላይ ስንደርስ፣

«አሁን መሳቅ ይቻላል?» አለች።

«ይቻላል።»

የመብራት ምሰሶ ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ... ለክብሬ ያህል ትንሽ ዘግይቼ።

ቤቷ ስንደርስ ቦርሳዋን ተቀብዬ ደረጃውን አብሬያት ወጣሁ። በየመሐሉ ትቆማለች። ስንት ወር እንዲህ ሆና ይሆን? አልጠየቅኩም እኮ።

ጥር 25

ለራሴ መመሪያ፦ እታለም ሰሌዳ ስታነብ አፍ ይዘጋል።

ሐምሌ 11

የምጽፈው ወደብ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

ይህ ሁለተኛው ወደባችን ነው። በመጀመሪያው ምንም መጻፍ አልቻልኩም። እግሬን ሳሳርፍ መሬቱ እንደ መርከቡ ሲወዛወዝ ጊዜ፣ ገመድ የሚያስረውን ሰውዬ ክንድ ጨምድጄ ያዝኩ። «ሁሉም እንዲህ ነው እናቴ፣ ይለቅዎታል» አለኝ። ይህ በየትኛው የመማሪያ መጽሐፍ ተጽፏል? ካርታዬ ላይ ወደብ ጥቁር ነጥብ ነበር። ነጥቡ ውስጥ ናፍጣ አለ፣ የረጠበ ገመድ ሽታ አለ፣ ክሬኑ ይጮኻል፣ ሁለት ዓሣ ሻጮች በሚዛን ሰበብ ይሰዳደባሉ። አለቀስኩ? ንፋስ ነው። ንፋስ ነበር።

እታለም አልወረደችም። ጠዋት ልጨቀጭቃት ተዘጋጅቼ ነበር። ስደርስ ረጅም ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታለች፤ አስተናጋጁ ሾርባ አቀረበላት። ቀመሰች። ቅንድቧ ትንሽ ተነሳ... ተመልሶ ወረደ። ዝም ብላ ጠጣች። ሦስተኛ ቀኗ! የቁርጭምጭሚቷም እብጠት ጎድሎ አጥንቱ መታየት ጀምሯል።

«ሂጂ አንቺ። ስትመለሺ ትነግሪኛለሽ» አለች።

«እሺ» አልኩ። አስተናጋጁ ምስክር ነው።

ቅድም ከመርከባችን የወረዱ ባልና ሚስት ወንበሬ ድረስ መጡ።

«ይቅርታ፣ የድሮው ገበያ በየት በኩል ነው?» አለች ሴትዮዋ።

ጣቴ ከልማዱ ተነሳ። ይህ ከተማ ያለበትን ካርታ በጠመኔ ስንት ጊዜ ሥያለሁ! ግን ፊት ለፊቴ ሦስት ጠባብ መንገዶች አሉ፤ አንዱ ላይ ልብስ ተሰጥቷል፣ አንዱ ላይ ድመት ተኝታለች፣ አንዱ ወዴት እንደሚታጠፍ አይታይም። ከሦስቱ አንዱን አስተምሬ አላውቅም።

«አላውቅም» አልኩ። «እኔም ዛሬ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው አብረን እንጥፋ» አለች እየሳቀች።

ባልየው ውሃ ሊገዛ ሄዷል። ሲመለስ እንጠፋለን።