ለእትዬ ይመኙሻል ያልተነገረው መርዶ

ወ/ሮ ይመኙሻል ወልደሰማያት ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰማያት ይርጋ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አሰገደች ተሰማ በኅዳር ወር 1943 ዓ.ም. በደሴ ከተማ፣ ሸዋ በር ተወለዱ። እናታቸው ቀድመው ስላረፉ፣ ታናሽ ወንድማቸውን ጋሽ ገብረክርስቶስን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ገብረክርስቶስም ትምህርት ቤት ድረስ እየተከተሉ ስላስቸገሩ በሰፈሩ «የይመኙ ጅራት» ይባሉ ነበር።

ወ/ሮ ይመኙሻል በ1962 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሱ በቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ተቀጠሩ፤ በደሴ፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባ አገለገሉ። ያኔ ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው የሚደወለው ስልክ በእጃቸው ነበር የሚገናኘው። ደዋዩ ሊያረዳ መሆኑን ከድምፁ ካወቁ፣ «አጠገቡ ማን አለ? መጀመሪያ ጎረቤቱን ላገናኝህ» ይሉ ነበር። አለቃቸው ስንቴ ተቆጧቸው! እሳቸው ግን ወይ ፍንክች።

በ1966 ዓ.ም. ከአቶ ፀጋዘአብ ኃይሌ ጋር ትዳር መሥርተው እናቴን አዲስአለምን እና አጎቴን አምሃን ወለዱ። አቶ ፀጋዘአብ ካረፉ በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም. እናቴ ስፖንሰር አድርጋቸው ወደ ቶሮንቶ መጡ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስም በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ሠርተዋል። ይህን የማነብላችሁ የልጅ ልጃቸው እኔ ሩቲ የተወለድኩት እሳቸው በመጡበት ዓመት ነው፤ ሪጀንት ፓርክ ባለው ቤታችን ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። እናንተ «እትዬ ይመኙ» ትሏቸዋላችሁ፤ እኔ «እቴቴ» ነው የምላቸው።

እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁን ያረዷችሁ እቴቴ ናቸው። አገር ቤት ሰው ሲሞት ዘመድ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሳቸው ነበር። ማን ናይት ሺፍት እንደሚሠራ፣ ማን ደም ግፊት እንዳለበት ያውቃሉ። የሐዘንተኛዋን ባል «ስልኳን ደብቅ፣ ፌስቡክ እንዳይቀድመን!» ብለው፣ ሰው አሰባስበው፣ በማለዳ በር ያንኳኳሉ። ጎረቤታችን ናኦሚ የአባቷን መርዶ የሰማች ቀን ስትሪትካሩ፣ የከተማው ባቡር፣ በበረዶ ቆሞ፣ እቴቴ የጄራርድን መንገድ በእግራቸው ነው የጨረሱት። ናኦሚ «ያን ቀን እጄን ባይዙኝ ኖሮ አብድ ነበር» ትላለች።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የማጠናው ባህል፣ ታሪክና ኮሚዩኒኬሽን ነው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. መርዶ በሰው አገር እንዴት እንደሚነገር ፔፐር ለመጻፍ እቴቴን ኢንተርቪው አደረግኋቸው። «መርዶ የባለቤቱ ሀቅ ነው፤ ሁሉ ሰምቶ እሱ ሳይሰማ ከዋለ ሰርቀነዋል» አሉኝ። «የታመመ ሰው ቢሆንስ?» አልኳቸው። «ምነው፣ የታመመ ሰው ሰው አይደለም እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ።

ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ጋሽ ገብረክርስቶስ ደሴ ላይ ዐረፉ። እቴቴ ልባቸው ደክሞ ሆስፒታል ተኝተው የወጡት በዚያው ሰሞን ነበር። እናቴ፣ አጎቴና እኔ ተነጋግረን፣ ልባቸው አይችለውም ብለን ደበቅናቸው። ሐኪም አልከለከለንም፤ እኛው ነን የፈራነው። «ወንድሜን ኮል አድርጉልኝ» ሲሉን «መስመር የለም» እንላቸው ነበር። ለስልክ ኦፕሬተር! ሚያዝያ ላይ ያንኑ «መርዶ የባለቤቱ ሀቅ ነው» ያሉኝን ቃል ጽፌ ፔፐሬን አስገባሁ። ፕሮፌሰሬ በጣም ወደዱት፤ ኤ ሰጡኝ። እቴቴም ደስ ብሏቸው መረቁኝ፤ ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ መሬት መሬት እያየሁ አሜን አልኩ።

ግንቦት ላይ፣ በእናቶች ቀን፣ ሰርፕራይዝ ልናደርጋቸው ብለን ቤተሰቡ ሁሉ በማለዳ ተሰብስበን ክፍላቸው ገባን። ሲያዩን ቀስ ብለው ተነሥተው ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ለበሱ፤ «በሉ ንገሩኝ» አሉ። ምነው ያኔ አንዳችን እንኳ አፍ ባወጣን! አጎቴ አምሃ ኬኩን ከካርቶኑ አወጣ፤ «ሃፒ ማዘርስ ዴይ» አልን። እቴቴ ተራ በተራ አዩን፤ ነጠላቸውን መልሰው አስተካከሉ፤ ኬኩንም ቀመሱልን። ከዚያ ቀን በኋላ ወንድሜን ደውሉልኝ ብለው አያውቁም። እኛም፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ ተገላገልን ብለን ነበር።

ወ/ሮ ይመኙሻል በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ74 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። የሁለት ልጆች እናት፣ የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። በእጃችሁ ባለው የፕሮግራም ወረቀት ላይ ከቀሪ ዘመዶቻቸው መካከል የወንድማቸውን ስም ፈልጋችሁ ያጣችሁ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው። ለሰው ሁሉ በማለዳ የደረሱትን እናታችንን ፈጣሪ በቤቱ ደጅ ወጥቶ ይቀበልልን፤ ለነፍሳቸውም ዕረፍት ይስጥልን።

ወደ ቀብር ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ነገር ይቀረናል።

እቴቴ፣ ጠዋት ነው፤ ሰውም ተሰብስቧል። እናቴም አጎቴም አጠገብዎ አሉ፤ ናኦሚም መጥታለች። በጣም ዘግይተናል፣ ይቅር ይበሉን። ወንድምዎ ጋሽ ገብረክርስቶስ ዐርፈዋል። እግዚአብሔር ያጽናዎት።