ሳይቀመስ የተጠጣ

መርሳ፤ ሐሙስ፣ ግንቦት 7 ቀን 2017

ዛሬም ምዕራፉ አላልቅ አለኝ። የምጽፈው የድሮ የየጁ ባላባትና እልፍኝ አሽከሩ የሚዋደዱበት፣ ሰውን ፈገግ የሚያሰኝ ታሪክ ነው። እንደ ወጉ አሽከሩ ብርዙን በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ እንደሌለው ሲታወቅ ጌታው ይጠጣል። አንድ ቀን ግን ባላባቱ ብርሌውን ነጥቆ ሳይቀመስ ይጨልጠዋል። አሽከሩ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ነው የጠፋኝ።

ከመግሪብ በኋላ ለይማም አነበብኩለት። አንድ ቤት ተከራይተን መኖር ከጀመርን ወዲህ ከእሱ ሌላ አንባቢ የለኝም። በሳቅ ፍርስ አለ።

«ያ አላህ! ሰውየውን የያዘው ጥም ነው ፍቅር?»

«እሱስ መቼ አወቀው ብለህ ነው» አልኩት።

ይማም ሳቁን ተወና የትናንቱን ወተት ሊያመጣ ተነሳ። በዚህ ሙቀት ወተት ስለማያድር ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚቀምሰው እሱ ነው፤ ደህና ከሆነ ለእኔ ያቀብለኛል። እስከ ዛሬ ልብ ብዬው አላውቅም። ዛሬ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ኩባያውን ከአፉ ላይ ነጥቄ ተጎነጨሁለት። ተበላሽቷል።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩት። ፊቴ ግን ሳያሳብቅብኝ አልቀረም።

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ኩባያውን ከእጄ ተቀበለና አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ የቀረውን አንድም ሳያስቀር ጠጣው።