በአንድ ግድግዳ የተደገፉት ሁለት ጠረጴዛዎች

ከሁሉ አስቀድሞ ቤተሰቡ ለመላው ሐዘንተኛ በአክብሮት የሚገልጸው፣ በሬሳ ሣጥኑ ግርጌ በስተቀኝ የምትታየው የአውራ ጣት ውፍረት ያላት ስባሪ እንጨት በስህተት የቀረች አለመሆኗን ነው። ሣጥኑም አልተንጋደደም፤ ሦስት ጊዜ ተለክቷል። «እንንቀልላችሁ» ላላችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እባካችሁ ተዉአት።

በሠፈሩም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ቁምስናም «ጋሽ ውሃልክ» በመባል የሚታወቁት አናጢ፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። በቁምስናው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ሲማሩ በሒሳብ የሚስተካከላቸው አልነበረም። በመዝሙር ግን መምህሩ «አንተ አፍህን ብቻ ክፈት፤ ድምፁን ሌሎቹ ያወጡታል» ይሏቸው ነበር።

በ1960 ዓ.ም. ከአባታቸው ጋር ሥራ ጀመሩ። አባትየው ሲያርፉ ለሁለት ወንድ ልጆቻቸው የተዉት ባለ አራት እግር ረጅም የሥራ ጠረጴዛ ነው። ታላቅየው ጋሽ ውሃልክ በአንድ ወገን፣ ታናሽየው በሌላው ወገን ቆመው ሠላሳ ዓመት ያህል ሠሩ። ታላቅየው ሚስማር ያምናሉ፤ ታናሽየው ሙጫ።

ጋሽ ውሃልክ በ1969 ዓ.ም. ትዳር ይዘው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ቅጽል ስማቸውም የሠርጋቸው ዕለት ነው የወጣላቸው፤ መንበረ ታቦቱ ፊት ደርሰው ከመቀመጣቸው በፊት ከኮታቸው ኪስ ውሃ ልክ አውጥተው ወንበሩን ለኩ። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ «በሠርጌ ቀን ከእኔ በፊት የታየው ወንበሩ ነው» ይላሉ።

በ2001 ዓ.ም. ሁለቱ ወንድማማቾች ለቁምስናው አዲስ መናዘዣ ሠሩ። በዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ሊናዘዙ ሲንበረከኩ መንበርከኪያው ከሥራቸው ተሰበረ። ኮሚቴው ጠየቀ። ጋሽ ውሃልክ «ሙጫው ነው» አሉ። ታናሽየው ወንድማቸውን አይተው መሣሪያቸውን ሰብስበው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ቁምስናው ለታናሽየው አንዲት በርጩማ እንኳ አላሠራቸውም፤ እሳቸውም በቅዳሴ ጊዜ የሚቀመጡት መጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ በሩ ሥር ሆነ።

የአባታቸውንም ጠረጴዛ መሃል ለመሃል በመጋዝ ከፈሉት። ሁለት የታወቁ አናጢዎች ናቸውና፣ ባለ አራት እግር ጠረጴዛ ሲከፈል ሁለት ሁለት እግር እንደሚደርስ ያወቁት ከተከፈለ በኋላ ነው። ተጨማሪ እግር መሥራት መሸነፍ መሰላቸው። ስለዚህ የሚሠሩበትን ሱቅ በብሎኬት አጋምሰው፣ እያንዳንዳቸው ግማሻቸውን ከዚያው ግድግዳ ጋር አያያዙ። አንዱ ሚስማር ሲመታ የሌላው እርሳስ ከጠረጴዛው ይወድቃል። ቀስ በቀስ፣ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ፣ ተራ መጠባበቅ ጀመሩ፤ በወዲህ መዶሻው ሲያርፍ በወዲያ መላጊያው ይጀምራል። ለአሥራ አራት ዓመት ሰላምታቸው ይኸው ነበር።

በ2015 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ሁለተኛው ዓርብ፣ ከመስቀል መንገድ ጸሎት በፊት፣ ጋሽ ውሃልክ መናዘዣው ገብተው ቆዩ። በጣም ቆዩ። ከተሰለፉት አንዷ «የእኛ ኃጢአት ይደር እንዴ?» እስኪሉ ድረስ። ለካህኑ የነገሯቸው በዚያው ይቀራል። ከወጡ በኋላ ግን ወደ ሰልፉ ዞረው ለሁሉም እንዲሰማ ተናገሩ።

«ያ መንበርከኪያ ጥፋቱ የሙጫ አልነበረም። እግሩን አሳጥሬ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ ስባሪ እንጨት ሸጉጬ ደበቅኩት። ሲሰበርም ሰው ሳያየኝ ስባሪዋን አንስቼ ኪሴ ከተትኩ።»

ካህኑ ቀስ ብለው መጋረጃቸውን ሳቡ። ጡረታ የወጡት ርዕሰ መምህርት ግን ከሰልፉ ውስጥ ጮኹ፦ «አንተ ሰውዬ! ከውፍረቴ ነው ብዬ አሥራ አራት ዓመት እራት ያልበላሁት ለዚህ ነው?»

ጋሽ ውሃልክ በቀጥታ ሄደው የወንድማቸውን የሱቅ በር አንኳኩ። መልሱ የመላጊያ ድምፅ ነበር። በሚቀጥለው ዓርብም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም እንዲሁ። ሰው መላጊያ ሲገፋ እንደዚያ ረጅም ፍቅፋቂ ወጥቶ አያውቅም። አራተኛ ጊዜ ሲሄዱ ማንኳኳቱን ትተው ስባሪዋን በበሩ ሥር አሾለኩ። መላጊያው ቆመ።

«ይቺን እስካሁን ይዘሃታል?»

«ከኪሴ ወጥታ አታውቅም።»

«መጣያ አጣህ?»

«አጣሁ።»

በሩ ተከፈተ። «ግባ እንግዲህ ጋሼ፤ በር ላይ አትገተር።» «ጋሼ» የሚለውን ቃል ከሰሙ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበርና፣ ጋሽ ውሃልክ ወዲያው መግባት አልቻሉም፤ መቃኑን ይዘው ጥቂት ቆሙ።

በማግስቱ ግድግዳውን አፈረሱት። ሁለቱም ጠረጴዛዎች ወደቁ፤ የተደገፉት በግድግዳው መሆኑን ሁለቱም ረስተውት። ፍርስራሹ ላይ ቁጭ ብለው ሲስቁ ጎረቤት ለቅሶ መስሎት መጣ። ጠረጴዛውን መልሰው ሲገጥሙ ታላቅየው «በሙጫ ይሁን» አሉ፤ ታናሽየው «ግድ የለም፣ ሚስማርም ጨምርበት።»

ጋሽ ውሃልክ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በቤታቸውና በሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ ሦስት ዓመታቸው አርፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ጢማቸውን በየጠዋቱ የላጩላቸው ታናሽ ወንድማቸው ነበሩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተዋል። የጎበጠውን ሁሉ የሚያቀናው ጌታ ነፍሳቸውን በማይናወጥ ቤቱ ይቀበልልን፤ ለቀረነውም እርስ በርስ በር የምንከፍትበትን ልብ ይስጠን።

የሬሳ ሣጥኑን ከአባታቸው ጠረጴዛ ሳንቃ የሠሩት፣ ያቺንም ስባሪ ግርጌው ላይ የገጠሟት ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ትልቋ ልጅ «አጎቴ፣ ሰው ይጠይቀናል፤ ለምን አስገቧት ብለን እንጻፍ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰኩ።

«አልናገርም። ከኪሱ ወጥታ እንደማታውቅ ብቻ ጻፉ።»