ልጄን «ጨዋ» ላሏት ገለልተኛ መርማሪ

ለተከበሩ፣ በልጆች ማገገሚያ ቢሮ በገለልተኝነት ለሚመረምሩ ሐኪም፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ያ ጠረጴዛዎ ላይ ያለው ማራገቢያ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ የሚጡ አባት ነኝ፤ በያጁ። ሚጡ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አፏን አልፈታችም፤ ሲከፋት እጇን እስኪደማ ትነክሳለች። የባህርይ ሕክምናዋ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን እንዲወስኑ ወደ እርስዎ ተላክን፤ ይቁም ብለው ወሰኑ። እግዜር ይስጥልኝ እያልኩ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ገለልተኝነትዎ። ገለልተኛ ሰው አይቻለሁ፤ እንደ እርስዎ ከታማሚው ገለል ብሎ የተቀመጠ ግን አልገጠመኝም። ከወንበርዎ ሳይነሱ፣ ስሟን እንኳ ሳይጠሯት መርምረው ጨረሱ። ጉድ ነው! እኔ አንዲት የበር ማጠፊያ ለመበየድ እንኳ ጎንበስ እላለሁ።

ሁለተኛ፣ ልጄን «የተረጋጋች፣ ጨዋ» ብለው ስለጻፉላት። መቼም ልጁ ጨዋ ስትባል የሚቆጣ አባት የለም። ሚጡ ግን የሚሽከረከር ነገር ካየች ዓለሙን ሁሉ ትረሳለች፤ ያን ዕለት ፈዝዛ ስታይ የነበረው ማራገቢያዎን ነው። እባክዎ አንዴ ያጥፉትና ይዩዋት ብዬ ብለምንዎ፣ ሙቀቱን እንደማይችሉት በትሕትና ገለጹልኝ። የእርስዎን ሙቀት ሳላስብ በመቅረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሦስተኛ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ እጅጌዋን ሰብስበን የተነከሰ እጇን አሳየንዎ። የደበቁልን እርስዎ ነዎት፣ «ሕክምናው አያስፈልጋትም» በምትል አንዲት መስመር።

አራተኛም ነበረኝ፤ ግን ሆዴ ባባ። እናቷ ሥራዋን ትታ፣ እንዳትነክሰው የልጅቷን እጅ ይዛ ትውላለች። አዝኛለሁ ጌታዬ፣ ከልቤ አዝኛለሁ። ልብ ካላየ ዓይን አያይምና፣ ምርመራው በሌላ ሐኪም እንደገና እንዲደረግ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ዕውቀትዎን አብዝቶ፣ ወንበርዎን አለስልሶ ያቆይልን እያልኩ፣ ከእግርዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
የሚጡ አባት

ማስታወሻ፦ ታክማት የነበረችው ባለሙያ ሚጡን ካስተማረቻት ሁሉ ትልቁ፣ የእኔን እጅ ይዛ የሚያማትን ቦታ ማስነካት ነበር። ሕክምናው ከቆመ ወዲህ ያንንም ረሳችው። ትናንት ስታለቅስ እጄን ዘረጋሁላት፤ አገላብጣ አየችውና ተወችው። እርስዎ መርምረዋታልና፣ የት ጋ እንዳመማት ይጻፉልኝ።